ከአውሮፕላን መስኮት እስከ ወጥ ቤት ካውንተር



የጋራ ወጥ ቤታችንን ካውንተር ያላየች አባል ያለች አይመስለንም። ከሲንኩ ጎን ያለው ጠርዝ አብጧል፤ ፎርማይካው ተላቋል፤ ከሥሩ ያለው ቺፕውድ ውኃ እንደ ነካው ዳቦ ይፈረፈራል። ባለፈው የሠርግ ትዕዛዝ ሽንኩርት የሚከትፉት እህቶቻችን ከዚያ ጠርዝ ሸሽተው አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ነበር የሠሩት።

ይህ ካውንተር የተገዛው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ስላነሰ ብዙ ሳንጠይቅ ገዛነው። የክፍያ ሰነዱን ያዘጋጀነው እኛው የሒሳብ ክፍሎች ነን። በንብረት መዝገባችን ላይም «አሥር ዓመት ያገለግላል» ብለን የእርጅና ቅናሹን ለአሥር ዓመት ከፋፈልነው። በወረቀት ላይ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ በወጥ ቤቱ ውስጥ ግን አልቆለታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው። የፈሰሰው ደግሞ በየወሩ ከጉሊትና ከደመወዝ ተቆጥቦ የተዋጣ የአባላት ገንዘብ ነው።

አሁን አዲስ ካውንተር መግዛት ግድ ሆኗል። በስብሰባው ላይ ገሚሶቻችን ግራናይት ይሁን አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ አንድ ሻጭ ያሳየንን «አክሪሊክ» የሚባለውን ወደድነው። ሻጩን «ከምን የተሠራ ነው?» ስንለው «ድንጋይ ነው» አለ። ከመካከላችን አንዷ በጥፍሯ ነካ ነካ አድርጋ «ኧረ ይሄስ ፕላስቲክ ነው» አለች። ክርክሩ እዚያው ቆመ። እኛም ዘንድሮስ ሳናውቅ አንፈርምም ብለን የዕቃውን ታሪክ ማንበብ ጀመርን። ያነበብነውን እነሆ ለእናንተ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውስጡን ለቄስ

በመጀመሪያ የተበላሸውን ካውንተራችንን እንረዳው። ፎርማይካ የምንለው ነገር ለወጥ ቤት ታስቦ የተፈጠረ አይደለም። በ1913 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ኸርበርት ፌበር እና ዳንኤል ኦኮነር የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ኩባንያ ሲያቋቁሙ የፈለጉት ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች መከለያ የሚሆን ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ማይካ የሚባለው ማዕድን ነው። የእነሱ ዕቃ «በማይካ ፈንታ» የሚሠራ በመሆኑ ፎርማይካ ተባለ። ወረቀት በሙጫ ተነክሮ፣ ተደራርቦ፣ በሙቀትና በግፊት የሚጠነክር ስስ ንጣፍ ነው። በኋላ ቀለምና ጌጥ ተጨምሮበት የጠረጴዛና የካውንተር ልብስ ሆነ።

ልብስነቱ ላይ ነው ችግሩ። ፎርማይካው ራሱ ጠንካራ ነው፤ ውኃም በቀላሉ አይገባውም። ነገር ግን ስስ ቆዳ ነው። ሥሩ ያለው ቺፕውድ ነው። ቢላ ቆዳውን ከቀደደው ወይም በጠርዙ በኩል ውኃ ሾልኮ ከገባ የሚያብጠው ሥሩ ነው፤ ያበጠ ቺፕውድ ደግሞ ተመልሶ አይሟሽሽም። ላዩ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ እንደሚባለው ነው። ስንገዛው ያየነው ላዩን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተነሡት የወጥ ቤት ዕቃ ሠሪዎች አንዱ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ቆዳና ሥጋው አንድ የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ያው የሆነ ካውንተር ሊሠራ ይችላል ወይ? እብነ በረድና ግራናይት እንዲህ ናቸው፤ ግን ከባድ ናቸው፣ መጋጠሚያቸው ይታያል፣ እብነ በረድማ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ይበላል። ለጥያቄው መልስ የሰጠው ነገር የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው።

ቆዳ ከማልፋት እስከ መስኮት

ኦቶ ሮም የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ1901 የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በአክሪሊክ ላይ ነው። እንጀራ ያበሰለለት ግን ሌላ ሥራ ነበር። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ቆዳውን ለማለስለስ የውሻ ዓይነ ምድር ይጠቀሙ ነበር። ሮም በእሱ ፋንታ የሚያገለግል ንጹሕ መድኃኒት ሠራና በ1907 ከባልደረባው ከኦቶ ሃስ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። የቆዳው ገቢ ለአክሪሊኩ ምርምር ስንቅ ሆነ።

በ1933 የሮም ኩባንያ ዳርምሽታት ከተማ ውስጥ ፕሌክሲግላስ የሚባለውን ለገበያ አስመዘገበ። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ሜቲል ሜታክሪሌት የሚባል ውኃ የመሰለ ፈሳሽ በሁለት የመስታወት ገጾች መካከል ይፈስሳል፤ ቀስ በቀስም ይጠነክራል። መጀመሪያ ሁለቱን መስታወቶች ያጣብቃል ተብሎ ነበር። ሲጠነክር ግን ከመስታወቶቹ ተላቀቀና ራሱን የቻለ፣ ጥርት ያለ፣ እንደ መስታወት በቀላሉ የማይሰበር ንጣፍ ሆኖ ተገኘ። በእንግሊዝም በዚያው ዘመን አይሲአይ የተባለው ኩባንያ ኬሚስቶች ተመሳሳዩን ፐርስፔክስ ብለው አወጡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በሁለቱም ወገን የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ራስ በላይ ያለው መስኮት ከዚህ ነገር ተሠራ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኛም ቤት ይቀርባል። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም አውሮፕላናቸው ሲመታ የመስኮቱ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ያክም ነበር። የፐርስፔክሱ ስብርባሪ ዓይን ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥም ዓይኑ እንደማይቆጣበት አስተዋለ። በኅዳር 1949 ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በዓይን ሞራ የታመመች የአንዲት ሴት ዓይን ውስጥ ከዚሁ አክሪሊክ የተሠራ ሌንስ አስገባ። በዘመኑ ብዙ ሐኪሞች ተቃወሙት። ዛሬ በአገራችን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው እናቶችና አባቶች መካከል የብዙዎቹ ሌንስ ከዚህ ነገር የተሠራ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቀመጥበት ድድ መሳይ ሮዝ ነገርም እሱው ነው። እንግዲህ «ፕላስቲክ ነው» ብላ የናቀችው እህታችን ይህን ትስማ፤ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም።

ድንጋይና ሙጫ በአንድ ሊጥ

አክሪሊክ ብቻውን ግን ካውንተር አይሆንም። ጥርት ያለ ስለሆነ ጭረቱ ይታያል፤ ውድ ነው፤ እሳትም ይይዘዋል። ይህን የፈታው ከባሩድ ሥራ የተነሣ ኩባንያ ነው። ዱፖን በ1802 በአሜሪካ ደላዌር ግዛት ባሩድ ለመሥራት የተቋቋመ ሲሆን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ናይለንን የመሰሉ ዕቃዎች ያወጣ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ ሆኗል። በ1967 የኩባንያው ኬሚስት ዶናልድ ስሎከም አክሪሊክን ከማዕድን ዱቄት ጋር ለውሶ እብነ በረድ የሚመስል ነገር ሠራ። የፈጠራ መብቱ በ1968 ተሰጠ። በ1971 ኮሪያን ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። ስሙ ከኮሪያ አገር ጋር ግንኙነት የለውም፤ የንግድ ስም ነው።

ለሥራው የተመረጠው የማዕድን ዱቄት አሉሚኒየም ትራይሃይድሬት ይባላል። የሚገኘው አሉሚኒየም ከሚወጣበት ቦክሳይት ከሚባል ድንጋይ ነው። ይህን ዱቄት ከቦክሳይት አጥርቶ ማውጣትን በ1880ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፈው ኦስትሪያዊው ካርል ባየር ነው። ባየር በዚያን ጊዜ ሩሲያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ለጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካዎች ነበር፤ ዱቄቱ የተፈለገው ቀለም ጥጥ ላይ እንዲይዝ ለማድረግ ነው። ለካውንተር ደግሞ ሦስት ጥቅም አለው። ነጭ ስለሆነ የፈለግነውን ቀለም ይቀበላል፤ ዋጋውን ያቀንሳል፤ በውስጡ ውኃ የታሰረ በመሆኑ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል ያንን ውኃ ስለሚለቅ እሳት እንዳይዛመት ይከላከላል።

መጠኑን ልብ እንበል። በክብደት ሲታይ ሁለት ሦስተኛው የማዕድን ዱቄት ነው፤ አንድ ሦስተኛው አክሪሊክ ነው። ስለዚህ «ድንጋይ ነው» ያለው ሻጭ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ «ፕላስቲክ ነው» ያለችው እህታችንም አልተሳሳተችም። ዱቄቱን አንድ አድርጎ የያዘው ሙጫው ነውና።

ፋብሪካው ውስጥ

አሠራሩ ከእኛ ሥራ ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ የአክሪሊኩ ፈሳሽ እንደ ሽሮፕ ወፈር እንዲል ይደረጋል። ከዚያ ዱቄቱ፣ ቀለሙና እንዲጠነክር የሚያደርገው ኬሚካል ተጨምሮ ይለወሳል። ለእኛ እርሾ ሊጡን አንሥቶ እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ደስ ይለናል፤ በዚህ ሊጥ ግን ዓይን ማለት ብልሽት ነው። አንዲት የአየር አረፋ ውስጥ ከቀረች በኋላ ቀዳዳ ሆና ቆሻሻ ትይዛለች። ስለዚህ ሊጡ አየር በሚመጥ ማሽን ውስጥ ያልፋል።

ቀጥሎ ሊጡ በሚንቀሳቀስ ረጅም የብረት ቀበቶ ላይ ይፈስሳል፤ ወይም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞላል። ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱን መቆጣጠር የባለሙያው ጥበብ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለቱም ገጹ ተልጎ ውፍረቱ እኩል ይደረግና ይቆረጣል። ለካውንተር የሚያገለግለው በአብዛኛው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ግራናይት የሚመስለው ነጠብጣብም የሚገኘው ቀድሞ የጠነከረ ባለ ቀለም አክሪሊክ ተፈጭቶ ሊጡ ውስጥ ሲጨመር ነው።

ከፋብሪካ የወጣው ንጣፍ ወደ አናጢ ይሄዳል። ድንጋይ ጠራቢ አያስፈልገውም፤ በእንጨት መሣሪያ ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ይላጋል። በምድጃ ውስጥ ሲሞቅ ለስልሶ ይታጠፋል፤ ክብ ጠርዝ የሚወጣውም እንዲያ ነው። ሁለት ንጣፎች ሲጋጠሙ ተመሳሳይ ቀለም ባለው የአክሪሊክ ሙጫ ተጣብቀው ይላጋሉ፤ ሥራው በደንብ ከተሠራ መጋጠሚያው በዓይን አይለይም። ሲንኩም ከዚያው ነገር ተሠርቶ ከሥር ሊጣበቅ ይችላል። ለእኛ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፤ የኛ ካውንተር የሞተው በሲንኩ ጠርዝ በኩል በገባ ውኃ ነውና።

የዱፖን የፈጠራ መብት ካበቃ በኋላ ሌሎች ኩባንያዎችም ገቡበት። ከደቡብ ኮሪያ ሃይ-ማክስ እና ስታሮን የሚባሉት ይታወቃሉ። ሆስፒታሎች፣ ላቦራቶሪዎችና የአውሮፕላን ማረፊያዎች የወደዱት መጋጠሚያ ስለሌለውና ፈሳሽ ስለማይመጥ ነው፤ ጀርም የሚደበቅበት ስንጥቅ አያገኝም።

የሚጠገን ዕቃ

እኛ የሒሳብ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያየነው አንድ ነገር ነው። ይህ ካውንተር ይጫራል። ከግራናይት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ቢላ ምልክቱን ይተውበታል። ጭረቱ ግን የሚያገኘው ከላይ ያለውን ያንኑ ነገር ነው፤ ከሥርም ያው ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ጭረቱ ይጠፋል። የተሸረፈ ቦታ ካለ ተቆርጦ ከትራፊው በተወሰደ ቁራጭ ይሞላል። ኩባንያው ራሱ ባሠለጠናቸው ሰዎች ለተገጠመ ኮሪያን የ10 ዓመት ዋስትና የሚሰጠው በዚህ ተማምኖ ነው።

ለስሌት ያህል ብቻ እንውሰድ። አንዱ ካውንተር 30 ሺህ ብር ተገዝቶ 3 ዓመት ካገለገለ በዓመት 10 ሺህ ብር ፈጀ ማለት ነው። ሌላው 90 ሺህ ብር ተገዝቶ በየዓመቱ 1 ሺህ ብር ለማደሻ እየወጣበት 15 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 7 ሺህ ብር ነው። ባለፈው ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ አይተን የገዛነው ይህን ክፍፍል ስላልሠራን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው የሚጠግነው ሰው ካለ ብቻ ነው። ሙጫውን የሚያመጣ፣ ትራፊውን የሚያስቀምጥ፣ ስንጠራው የሚመጣ ባለሙያ ከሌለ «ይጠገናል» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ልክ እንደ እኛ ሰባት ዓመት።

ጉድለቱንም አንደብቅ። ይህ ካውንተር ትኩስ ነገር አይወድም። ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ ቢቀመጥበት ቀለሙ ይለወጣል ወይም ይሰነጠቃል። ግራናይት በዚህ ይበልጠዋል። እኛ ደግሞ ምጣድና የ50 ሰው ወጥ ድስት የምናነሣ የምናስቀምጥ ሰዎች ነን።

የሚቆርጡትን እናስብ

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በካውንተር ጉዳይ ከወጥ ቤቱ ሴት ሌላ የሚጎዳ ሰው አለ፤ እሱም የሚቆርጠውና የሚልገው ሠራተኛ ነው። ኳርትዝ የሚባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል። ሲቆረጥ የሚነሣው አቧራ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። በ2012 የእስራኤል ሐኪሞች በዚህ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ታማሚዎችን ጉዳይ አሳተሙ። አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ በሕግ ከለከለች፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። ግራናይትም ሲሊካ አለበት፤ መጠኑ ግን ያነሰ ነው።

የአክሪሊኩ ዱቄት ሲሊካ አይደለም። ሆኖም «አቧራው ምንም አያደርግም» ማለት አይደለም፤ በ2014 በአሜሪካ ለዓመታት ይህን ዕቃ ሲልግና ሲቆርጥ የኖረ ሰው ሳንባው ጠጥሮ መታመሙን ሐኪሞች ጽፈዋል። ካውንተሩ ከተገጠመ በኋላ ለእኛ አያሰጋም። የሚቆርጠው ልጅ ግን የአንዷ እናት ልጅ ነው። የአቧራ መምጠጫና ጭምብል ያለው ባለሙያ መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ስናድሰውም ገጹን አርጥበን እንሽ።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት

በወጥ ቤት ታሪክ ውስጥ ሴቶችን ያማከረ ሥራ ብዙ አይደለም። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 የፍራንክፈርትን ወጥ ቤት ስትነድፍ የሴቲቱን እርምጃ አስልታ፣ ካውንተሩን ከመስኮት ሥር አድርጋ፣ ተቀምጣ የምትሠራበትን በርጩማ ጨምራ ነበር። ወደ 10 ሺህ ያህል ተሠርቷል። የእኛ ካውንተር ሲገጠም ግን ቁመቱን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እናታችን ጎንበስ ብለው ሲከትፉ ውለው ማታ ወገባቸውን ይዘው ሲሄዱ ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍላችን ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከምድጃው ጎን ያለው ቦታ ግራናይት ይሁን፤ ትኩስ ድስት ይቀመጥበት። ሲንኩና ሊጥ የሚቦካበት፣ አትክልት የሚከተፍበት ረጅሙ ክፍል አክሪሊክ ይሁን፤ መክተፊያ ግን ከላዩ አይለይ። ሻጩንም ከመፈረማችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ ሙጫው ንጹሕ አክሪሊክ ነው ወይስ ፖሊስተር የተቀላቀለበት? ፖሊስተሩ ይረክሳል፤ ግን በፀሐይ ቶሎ ይቢጫል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንቀበል።

ሁለተኛ፣ ቁራጭ ናሙና ይስጠን። በመጋዝ ቆርጠን ውስጡን እንየው፤ በቢላ ጭረን በብርጭቆ ወረቀት እንሽው፤ እርድና በርበሬ አሳድረንበት እንጠበው። እርድ የማይለቅ ከሆነ አሁኑኑ እንወቀው።

ሦስተኛ፣ የሚገጥመውና የሚጠግነው ማን ነው? ትራፊውና ሙጫው ለእኛ ይቀራል ወይ? ዋስትናው በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

አራተኛ፣ የካውንተሩ ቁመት ከመወሰኑ በፊት ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት እህቶችና እናታችን ቆመው ይለኩ። አንዱ ጫፍ ዝቅ፣ አንዱ ጫፍ ከፍ ማለት ካለበትም ይበል።

ናሙናው ከመጣ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ቢላና የብርጭቆ ወረቀት እኛ እናመጣለን፤ እርዱን ከእናንተ። የአሮጌውን ካውንተር ሒሳብም በዚያው ቀን ከመዝገብ እንዲሰረዝ ለጉባኤው እናቀርባለን፤ ምክንያቱንም ሳናሳንስ እንጽፋለን።

እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።